ማሽኑ መጨረሻ የሚገባበት ሥራ

ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ አነሰ በተባለ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው የማሽን ጉዳይ ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፤ ለጋሽ ይፈለጋል፤ የብሬል ማተሚያው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ሪባን ይቆረጥለታል። ማሽኑ እንደሚያስፈልግ አያጠያይቅም። ሥራው የት ላይ እንደሚያዝ ለማየት ግን ትንሽ ስሌት ይበቃል። በሰከንድ 100 ያህል ሴል (አንድ የብሬል ምልክት የሚይዝ ቦታ) የሚያትም የጠረጴዛ ማሽን አለን እንበል። አንድ የብሬል ገጽ በተለመደው መጠን 25 መስመር፣ በየመስመሩም 40 ሴል ይይዛል፤ በድምሩ 1000 ሴል ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ገጽ በ10 ሰከንድ፣ 500 ገጽ ያለው ሥራ ደግሞ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ታትሞ ይወጣል። ያንን 500 ገጽ አዘጋጅቶ፣ አርሞና አስተካክሎ ማሽኑ ፊት ለማቅረብ ግን ሳምንታት፣ ለመማሪያ መጽሐፍ ሲሆን ወራት ይፈጃል። ጽሑፍ ያልቀረበለት ማሽን እህል ያልቀረበለት ወፍጮ ነው።

የብሬል መጽሐፍና በጣት የሚዳሰስ ሥዕል እንዴት እንደሚዘጋጁ፣ በአማርኛ ሲሆን ምን እንደሚለይ፣ ሥራው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚታነቅ ከዚህ በታች አያለሁ። ድምዳሜዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ከሁሉ በላይ የጎደለን ንጹሕ የኮምፒውተር ጽሑፍና ያንን ጽሑፍ በጣቱ አንብቦ የሚያርም ባለሙያ ነው። ገንዘቡም ሕጉም መጀመሪያ ወደዚያ መሄድ አለበት።

ስድስቱ ነጥቦች

ቫላንቲን አዊ በ1785 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት መጻሕፍቱን ያሳተመው የላቲኑን ፊደል በወረቀት ላይ አጉልቶ ነበር። ለዓይን የተሠራ ፊደል ከወረቀቱ ከፍ ካለ ለጣትም ይሆናል ብሎ ነው። ጣት ግን የፊደልን ኩርባ ለመከተል ይዘገያል። መጻሕፍቱ ግዙፍና ውድ ነበሩ፤ ተማሪውም በዚያ ዘዴ ቢያነብ እንኳ ራሱ ሊጽፍ አይችልም ነበር።

ይህን ያስተካከለው የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ሉዊ ብራይል ነው። በ1809 ኩቭሬ በምትባል መንደር ከኮርቻና ከልጓም ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ በአባቱ የሥራ ክፍል በወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋ፤ ቁስሉ አመርቅዞ ሁለቱንም ዓይኑን አጣ። ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኮንን በጣት የሚነበብ የ12 ነጥብ ጽሕፈት አውጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞት ሲመጣ ወጣቱ ብራይል ጉድለቱን ያገኘው በጣቱ ነው፤ 12 ነጥብ በአንድ ጣት ጫፍ አይሸፈንም። ስለዚህ ወደ 6 አወረደው። ዘዴውን በ1829 አሳተመ፤ በ1852 ሞተ፤ ፈረንሳይ በይፋ የተቀበለችው በ1854 ነው። ለዓይነ ስውር የሚሆነውን ጽሕፈት የፈጠረው ዓይነ ስውር አንባቢ መሆኑ በኋላ ስለ አራሚዎች ስናነሣ ይጠቅመናል።

ስድስቱ ነጥቦች በሁለት ዓምድና በሦስት ረድፍ ይቀመጣሉ። በነጥብና በነጥብ መካከል 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከአንዱ ሴል ወደሚቀጥለው 6 ሚሊ ሜትር፣ ከመስመር መስመር 10 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት አለ። የነጥቡ ከፍታ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ልኩ እንደ ልባችን የምናሰፋውና የምናጠበው አይደለም፤ በኮምፒውተር ላይ ፊደልን እንደምናሳንሰው ብሬልን አሳንሶ ወረቀት መቆጠብ አይቻልም። ባዶውን ጨምሮ ስድስት ነጥብ የሚሰጠው ደግሞ 64 ቅርጽ ብቻ ነው።

የአማርኛው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው። 33ቱ የፊደል ዘሮች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ሲታከሉ ከዚያም ይበልጣሉ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የብሬል ቅርጽ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ተነባቢው አንድ ሴል፣ አናባቢው ሌላ ሴል። ሳድሱ ያለ አናባቢ ብቻውን ይቆማል፤ ግዕዙን ጨምሮ የቀሩት ስድስቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አናባቢ ይከተላቸዋል። «ሰላም» በወረቀት ሦስት ፊደል ነው፤ በብሬል ሰ ሁለት፣ ላ ሁለት፣ ም አንድ፣ በድምሩ አምስት ሴል ይሆናል።

ለሚማረው ልጅ ይህ ትልቅ ማቅለያ ነው። ማየት የሚችለው እኩያው 231 ቅርጽ ሲለምድ እሱ ተነባቢዎቹንና ስድስት አናባቢዎችን ብቻ አውቆ ሁሉንም ይጽፋል። ዋጋው የሚከፈለው በወረቀት ነው። በአንድ የተለመደ የአማርኛ ገጽ ላይ 250 ያህል ቃል፣ በየቃሉም አራት ወይም አምስት ፊደል አለ ብንልና ፊደሉን በአማካይ ከአንድ ተኩል በላይ ሴል ብናስበው፣ ክፍት ቦታውን ጨምሮ ወደ 2100 ሴል ይደርሳል። መስመር ጫፍ ላይ የሚባክነው፣ ርእሱና የገጽ ቁጥሩ ሲታከሉበት አንዱ ገጽ ሁለት ተኩል የብሬል ገጽ ይሆናል። 200 ገጽ ያለው ልብ ወለድ 500 ገጽ ሆነ ማለት ነው፤ በወረቀቱ ፊትና ጀርባ ቢታተም እንኳ 250 ወፍራም ቅጠል፣ በሦስት ወይም በአራት ቅጽ የሚጠረዝ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በብሬል ከ40 ቅጽ በላይ እንደሚሆን የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራት የሚናገሩት ነው። በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞም ከዚህ አያመልጥም፤ ረጅም አናባቢና ጠብቆ የሚነገር ተነባቢ በድርብ ፊደል ስለሚጻፉ በብሬልም ድርብ ሴል ይወስዳሉ።

ጽሑፉ ከየት ይምጣ?

የብሬል መጽሐፍ ዛሬ የሚጀምረው ከኮምፒውተር ፋይል ነው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በብሬል ሰሌዳና በመውጊያ (ስታይለስ) የሚጽፍ ሰው ወረቀቱን ከኋላ እየወጋ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ነጥቦቹን ገልብጦ ይጽፋል፤ ወረቀቱ ሲዞር ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በ1951 ገበያ ላይ የዋለው የፐርኪንስ መጻፊያ ስድስት ቁልፎች ስላሉት የአንድ ሴል ነጥቦች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ ግልበጣም የለበትም። ሁለቱም ዛሬ በየክፍሉ የሚሠሩ፣ መብራት የማይፈልጉ፣ ለልጅ የመጀመሪያ ጽሕፈት የማይተኩ መሣሪያዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ በፐርኪንስ የገለበጠ ሰው የሚያገኘው አንድ ቅጂ ነው። ብዙ ቅጂ የሚፈልጉ ማተሚያ ቤቶች ለዘመናት ነጥቡን በዚንክ ቆርቆሮ ላይ እየወጉ ከቆርቆሮው ያትሙ ነበር። ኮምፒውተር የመጣበት ጥቅም አንዴ የተዘጋጀ ጽሑፍ በተፈለገ ጊዜ በተፈለገው ቁጥር መታተም መቻሉ ነው።

ታዲያ ፋይሉ የታል? መጽሐፉ በኮምፒውተር ከተጻፈ ፋይሉን ከአሳታሚው ተቀብሎ ወደ ብሬል መቀየር ምን ያስቸግራል ይባል ይሆናል። የአማርኛ መጻሕፍት ችግር እዚህ ላይ ልዩ መልክ አለው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ ቦታውን ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ መንገድ በፈጠራቸው ፎንቶች ነበር። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈው «ሀ» ለኮምፒውተሩ «ሀ» አይደለም፤ የ«ሀ» መልክ የለበሰ የላቲን ምልክት ነው። ሰው ሲያየው አማርኛ ነው፤ የብሬል መተርጎሚያው ወይም ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌር (የስክሪን አንባቢው) ሲቀበለው ግን ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። አንዳንዶቹ ፎንቶች አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ፣ ከግንዱና ከቅጥያው፣ እየገጣጠሙ ስለሚሠሩት መመለሱ የበለጠ ያስቸግራል። በፒዲኤፍ የተቀመጠው የመጽሐፉ የመጨረሻ ቅጂም ከውስጡ የያዘው ያንኑ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት ከታተሙት ውስጥ ስንት ጥሩ ጥሩ መጻሕፍት በዚህ ምክንያት ፋይላቸው እያለ እንደሌላቸው እንደሚቆጠሩ ሳስብ ያንገበግበኛል።

የቀረው አማራጭ የታተመውን መጽሐፍ በስካነር አንሥቶ ምስሉን ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛ ያነባል፤ ጥራት ባለው ወረቀትና በደማቅ ቀለም የታተመ ገጽ ላይ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ቅጥያ ነው። ሉና ሊ፣ ቡና ቢ የሚለያዩት ቅጥያው ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኑ ብቻ ነው፤ ጸና ጰም በአናታቸው ነው የሚለያዩት። ቀለም በፈሰሰበት ወይም በሳሳበት ገጽ ላይ ማሽኑ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ብዙ ጊዜ ሌላ ትክክለኛ ቃል ስለሚፈጥር በቀላሉ አይያዝም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ሥራው የሚያልቀው እንደገና ከመጀመሪያው በመተየብ ነው።

ንጹሕ ጽሑፍ ከተገኘ በኋላ ወደ ብሬል መቀየሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ሊብሉዊ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር የግዕዝ ፊደል ሰንጠረዥ አለው፤ ከሚሸጡት ውስጥ ዳክስበሪ የታወቀ ነው። ሶፍትዌሩ የማያውቀው የመጽሐፉን አደራደር ነው። ርእስ የትኛው ነው? ንኡስ ርእሱስ? በሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ማስታወሻ ከአንቀጹ በፊት ይነበብ ወይስ በኋላ? ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ 40 ሴል በሚይዝ መስመር ላይ እንዴት ይግባ? መማሪያ መጽሐፍ ላይ ደግሞ የገጽ ቁጥር አለ። መምህሩ ክፍል ውስጥ «ገጽ 47ን አውጡ» ሲል የብሬል አንባቢው ከእኩዮቹ ጋር ካልደረሰ መጽሐፉ በእጁ እያለ ከትምህርቱ ውጭ ነው። ስለዚህ የብሬሉ ገጽ የራሱን ቁጥር ይዞ የታተመው መጽሐፍ ገጽ የት እንደተቀየረም በየቦታው ማመልከት አለበት። ይህን ሁሉ የሚወስነው ብሬልንም ትምህርቱንም የሚያውቅ ሰው ነው።

በጣቱ የሚያርመው ሰው

ብሬል ላይ የአንድ ነጥብ መጥፋት ቃሉን ይለውጣል፤ ዓይን በመሰለው እያሟላ የሚያልፈውን ጣት አያልፈውም። በደንብ በተደራጁ ማተሚያ ቤቶች አራሚዎች ሁለት ሆነው ይሠራሉ። ዓይነ ስውሩ ባለሙያ ብሬሉን በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ማየት የሚችለው ባልደረባው የታተመውን መጽሐፍ ይዞ ያመሳክራል። ዓይነ ስውሩ አራሚ የሚያገኘው የፊደል ስሕተት ብቻ አይደለም። መስመሩ መጨናነቁን፣ ርእሱ ከአንቀጹ ጋር መዋሐዱን፣ ነጥቡ መሳሳቱን፣ ሠንጠረዡ ለጣት አለመመቸቱን የሚያውቀው እሱ ነው። የአዊ መጻሕፍት የወደቁት በዓይን ስለታሰቡ፣ የብራይል ስድስት ነጥቦች የጸኑት ደግሞ በጣት ስለተፈተኑ ነው።

ይህ ሙያ ሆኖ ሊከፈልበት ይገባል። ሰበታ፣ ባኮ፣ ሻሸመኔና ወላይታ ሶዶ ያሉት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ብሬልን በልጅነታቸው የተማሩ ብዙ ሰዎች አፍርተዋል። በሻሸመኔ ተምራ የሕግ ባለሙያና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች የሆነችው፣ በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ከተቀበሉት አንዷ የትነበርሽ ንጉሤ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ምን እንደሚወጣ ታሳያለች። ብሬልን አጥርቶ የሚያነብ ሰው በየከተማው አለ። የብሬል እርማትን የሚያውቅ የሥራ መደብ፣ ሥልጠናና ደመወዝ ነው የጠፋው። በፕሮጀክት ገንዘብ ለጥቂት ወራት ተቀጥሮ የሚሰናበት አራሚ ልምዱን ይዞት ይሄዳል፤ የሚቀጥለውም መጽሐፍ ከዜሮ ይጀመራል።

በማሽኑ ዙሪያ ያለውን በአጭሩ ላንሣ። የብሬል ወረቀት ከተለመደው የጽሕፈት ወረቀት ወፈር ይላል፤ በስኩዌር ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ነው፤ ሳስቶ ከተገዛ ነጥቡ ቶሎ ይተኛል ወይም ይቀደዳል። ማተሚያው መዶሻዎቹ ሲያልቁ የሚተካለት መለዋወጫ፣ ከመብራት መዋዠቅ የሚጠብቀው መሣሪያ፣ ጩኸቱን የሚያፍንለት ሣጥን ወይም የተለየ ክፍል ይፈልጋል። እነዚህ በግዢው ቀን በበጀት ካልታሰቡ ማሽኑ ዓመት ሳይሞላው ጨርቅ ተከናንቦ ይቀመጣል። መጽሐፉ ከታተመ በኋላም ቁሞ መደርደር አለበት፤ አንዱ በአንዱ ላይ ከተከመረ የበላዮቹ ክብደት የታችኞቹን ነጥብ ይደፈጥጠዋል። ወደ ውጭ አገር ለመላክ ደግሞ በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ስምምነት ለዓይነ ስውራን የሚላኩ ጽሑፎች ከፖስታ ክፍያ ነጻ መሆናቸውን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ሕጉ አለ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ እንዲያውቀው ማድረግ ይቀራል።

ሥዕሉስ?

ከሁሉ ቸል የተባለው በጣት የሚዳሰስ ሥዕል ነው። ብዙ የብሬል መማሪያ መጻሕፍት ሥዕሉ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ዝም ብለው ያልፋሉ፤ «ከላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ» የሚለው ትእዛዝ ግን ተገልብጦ ይቀራል። ልጁ የሌለ ነገር ፈልግ እየተባለ ነው።

ሥዕሉን ለመሥራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው አዊ በተሳሳተበት ነው፤ የዓይኑን ሥዕል መስመሩን አጉልቶ እንዳለ ማቅረብ። ዓይን ገጹን በአንድ ጊዜ ያየዋል፤ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ይወርዳል። ጣት በተቃራኒው ከዝርዝሩ ይጀምራል፤ ቁራጩን ከቁራጭ እየሰበሰበ ሙሉውን በሐሳቡ ይገጥማል። በስተጎን የተሳለ ዝሆን፣ ጥልቀት እንዲኖረው ተብሎ ሁለት ካሬ ተደራርቦ የተሳለ ሣጥን፣ እነዚህ የዓይን ስምምነቶች ናቸው። ሣጥኑን በእጁ የሚያውቅ ልጅ በሥዕሉ ላይ ሣጥን አያገኝም። ስለዚህ ነገሩ ራሱ እጅ ውስጥ መግባት የሚችል ከሆነ ነገሩ ይሰጥ። የሸክላ ዕቃ፣ የእህል ዓይነት፣ የቅጠል ቅርጽ፣ የአጥንት መገጣጠሚያ ሞዴል ከማንኛውም የሚዳሰስ ሥዕል ይበልጣሉ።

ሥዕል የግድ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ካርታ ዋናው ነው። የኢትዮጵያን ካርታ ልውሰድ። በታተመው መጽሐፍ ገጽ ላይ ጎረቤት አገሮች፣ የክልል ወሰን፣ ከተሞች፣ ወንዞች፣ ሐይቆች፣ ተራሮች በቀለም ተለይተው አንድ ላይ ይታያሉ። ይህንን እንዳለ ቢያጎሉት ለጣት የሾህ አጥር ይሆናል። በመጀመሪያ ስሞቹ ቦታ ይሻሉ፤ «ጎንደር» በብሬል ስድስት ሴል ነው፤ በ6 ሚሊ ሜትር ሲሰላ 3.6 ሴንቲ ሜትር ይይዛል። በአንድ ወረቀት ላይ በተሣለ ካርታ ይህ ስም አንድ ሙሉ ዞን ይሸፍናል። ስለዚህ በካርታው ላይ አንድ ወይም ሁለት ሴል ምልክት ተደርጎ መፍቻው በሌላ ገጽ ይጻፋል። በመስመርና በመስመር መካከልም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካልተተወ ጣት ሁለቱን አይለያቸውም። ጥሩ አዘጋጅ አንዱን ካርታ ወደ ብዙ ገጽ ይበትነዋል፦ መጀመሪያ የአገሪቱ ዙሪያና ጎረቤቶቿ ብቻ፤ ቀጥሎ በዚያው ልክ የተሠራ፣ ዓባይን፣ አዋሽንና ኦሞን ብቻ የያዘ ገጽ፤ ቀጥሎ ስምጥ ሸለቆና ሐይቆቹ። የወሰን መስመሩ በሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት ስሜት ይኑረው፤ ወንዙም እንዲሁ። ከእያንዳንዱ ካርታ በፊት ደግሞ ጣቱ ምን እንደሚያገኝ፣ ከየት እንደሚጀምር የሚነግር አጭር ጽሑፍ ይቀድማል።

መሥሪያው ብዙ ነው። የሚያብጥ ወረቀት አለ፤ በጥቁር ቀለም ተስሎ ወይም ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በሙቀት ማሽን ሲያልፍ ጥቁሩ ሙቀቱን ስለሚስብ በወረቀቱ ላይ የተቀቡት ጥቃቅን እንክብሎች ያብጣሉ፤ መስመሩም ከፍ ይላል። ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ወረቀቱ ግን ውድ ነው። ሁለተኛው ዘዴ በእጅ የተሠራ ናሙና ላይ ፕላስቲክ አሙቆ አየሩን በመምጠጥ ቅርጹን መቅዳት ነው፤ አንዱ ናሙና ብዙ ቅጂ ያወጣል፤ ከሚያብጠው ወረቀትም ይልቅ የተለያየ ከፍታ ያሳያል። ዘመናዊ የብሬል ማተሚያዎችም በነጥብ ሥዕል ይሥላሉ። እኔ ለኛ ትምህርት ቤቶች ከሁሉ በፊት የምመክረው ግን ክር፣ ሙጫ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ምስርና ጨርቅ ነው። ካርቶን ላይ ወሰኑ በወፍራም ክር፣ ወንዙ በቀጭን ክር፣ ሐይቁ በብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎ የሚሠራ ካርታ ርካሽ ነው፤ ተማሪው ራሱ መሥራት ይችላል፤ ለፕላስቲኩ ዘዴም ናሙና ይሆናል። ከወረቀት ሥር የወንፊት ሽቦ አስቀምጦ በሰም ከለር ቢሥሉበትም የሚዳሰስ መስመር ወዲያው ይወጣል።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በሒሳብ ትምህርት ላይ ጎልቶ ይታያል። የሒሳብ ምልክትን በስድስት ነጥብ ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዓት ጠፍቶ አይደለም፤ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነው የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ኔመዝ በ1952 ያወጣው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በእኛ አገር ግን ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከአዳሪ ትምህርት ቤት ወጥተው ወደ መደበኛው ክፍል ሲገቡ የጂኦሜትሪ ቅርጽና ግራፍ የሚዳሰስበት መንገድ ስለማያገኙ፣ ምልክቱንም የሚያስተምራቸው መምህር ስለሌለ፣ ሒሳብን ይተዋሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ወደ ሕግ፣ ወደ ቋንቋ፣ ወደ ታሪክና ወደ መምህርነት ያመራል። በእነዚህ ሙያዎች ያስመሰገኑን ሰዎች አሉ። ሆኖም መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ መሆን ይችል የነበረ ልጅ ክበብን በጣቱ ሳይነካ መንገዱ ሲዘጋበት ምርጫ ነበረው ማለት አይቻልም።

ማን ያነበዋል?

በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። የዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ ከ10 በመቶ ትንሽ የሚበልጠው ከትራኮማ ይመጣል። ይህ ቁጥር ሁሉ የብሬል አንባቢ ይሆናል ማለት አይደለም። ሞራ የጋረደባቸው አረጋዊት የሚያስፈልጋቸው ቀዶ ሕክምና ነው። በመጠኑ የሚያይ ልጅ ደግሞ በ18 ፖይንት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ የፊደል መጠን፣ በደማቅ ቀለም፣ በማያንጸባርቅ ወረቀት የታተመ መጽሐፍ ቢያገኝ ራሱ ያነባል። ከዚያው ንጹሕ ፋይል በጥቂት ጊዜ የሚዘጋጀውን ይህን መጽሐፍ ሳናቀርብለት ብሬል ተማር ማለት ወይም ከክፍሉ ኋላ መተው ግፍ ነው። ብሬል የግድ የሚሆነው በተለይ በልጅነታቸው ማየት ላጡት፣ እንዲሁም ማንበብና መጻፍን እንደገና ለሚጀምሩ ጎልማሶች ነው።

ስልክ እያነበበ፣ መጽሐፍ በድምፅ እየተተረከ ብሬል ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። የድምፁን ጥቅም አልክድም። ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ የስክሪን አንባቢ አማርኛ በሚናገር ድምፅ ይሠራል፤ የሬዲዮ ትረካም ለብዙ ዓይነ ስውራን የሥነ ጽሑፍ በር ከፍቷል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ዓይነ ስውራን ቅኔና ዜማ በቃላቸው ተምረው መምህር ሲሆኑ ኖረዋል። ነገር ግን ያ ትምህርት መምህሩ ፊት ተቀምጦ እየተቀበሉ፣ እየተታረሙ፣ ለዓመታት የሚቆዩበት ነው፤ የተቀዳ ድምፅ አያርምም። በጆሮ ብቻ የተማረ ልጅ አንቀጽ የት እንደተከፈለ፣ ቃሉ የት እንደሚያልቅ፣ ጥቅሱ የት እንደተዘጋ፣ የሰው ስም እንዴት እንደሚጻፍ ሳያውቅ ያድጋል። ራሱ የጻፈውን መልሶ ማንበብና ማረምም አይችልም። ማየት ለሚችሉት ልጆች ሬዲዮ አለና ፊደል ይቅር ያለ ሰው የለም።

ነጥቦቹ ከጣት ሥር ብቅ ጥልቅ የሚሉበት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ከወረቀት ክምር ያድናል፤ አርባ ቅጽ በአንድ ኪስ ይገባል። ዋጋው እየቀነሰ ቢመጣም ለአብዛኛው ቤተሰብ ገና ሩቅ ነው። እሱም ቢሆን የሚጠይቀው ያንኑ ንጹሕ ፋይል ነው።

ፋይሉን የሚያስቀምጥ

የማራኬሽ ስምምነት ሰኔ 27 ቀን 2013 ጸድቆ መስከረም 30 ቀን 2016 ሥራ ላይ ሲውል (ቀኖቹም እንደ አውሮፓ ናቸው) አንድ ትልቅ እንቅፋት አነሣ። ለትርፍ የማይሠራ የተፈቀደለት አካል የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠይቅ መጽሐፍን በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሚመች ፋይል ለዓይነ ስውራን ማዘጋጀት ይችላል፤ የተዘጋጀውንም አባል ለሆነ ሌላ አገር መላክ ይችላል። ኢትዮጵያ በ2020 ተቀላቅላለች፤ አሜሪካ፣ እስራኤልና የአውሮፓ ኅብረትም አሉበት። አዲስ አበባ ላይ አንዴ የተዘጋጀ የአማርኛ ልብ ወለድ በዋሽንግተን ወይም በእስራኤሏ ኔታንያ ላለ አማርኛ አንባቢ በሕጋዊ መንገድ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ሕጉ ፈቅዷል፤ ስምምነቱ ግን አሳታሚው ፋይሉን እንዲሰጥ አያስገድድም። የመተየቡ ሥራ እንዳለ አለ።

ለዚህ መልስ ያገኙ አሉ። በአሜሪካ በ2004 የተሻሻለው የትምህርት ሕግ የመማሪያ መጽሐፍ ፋይሎች የሚቀመጡበት አንድ አገር አቀፍ ማኅደር አቋቋመ፤ የሚተዳደረው ሉዊቪል ከተማ ባለው የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ማተሚያ ቤት ነው። የትምህርት አስተዳደሮች መጽሐፍ ሲገዙ አሳታሚው በተወሰነ ወጥ ደረጃ የተዘጋጀ ፋይል ወደ ማኅደሩ እንዲያስገባ በውላቸው ይጽፋሉ። የብሬል አዘጋጁ ከዚያ ይወስዳል፤ አይተይብም።

በኢትዮጵያ የመማሪያ መጻሕፍት ትልቁ ገዢ መንግሥት ስለሆነ ይህን ማድረግ ይበልጥ ይቀላል። ሥርዓተ ትምህርቱ በቅርቡ ተለውጦ መጻሕፍቱ እንደ አዲስ በተዘጋጁበት ጊዜ ዕድሉ ነበር፤ በሚቀጥለው እትም ደግሞ ይመጣል። በጨረታው ሰነድ ላይ መግባት ያለበት ጥቂት ነገር ነው፦ ሙሉው ጽሑፍ በዩኒኮድ፤ ርእስና ንኡስ ርእስ በምልክት ተለይተው፤ ለእያንዳንዱ ሥዕልና ካርታ አጭር የጽሑፍ መግለጫ፤ ፋይሉም ከኅትመቱ ጋር በአንድ ቀን እንዲረከብ። ለሌሎች መጻሕፍት ደግሞ አሳታሚዎች ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የታተመ ቅጂ የማስረከብ ግዴታቸው ላይ ፋይሉም ይታከልበት። ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ተመሳሳይ ማኅደር እኛም ዘንድ ይቋቋም፤ በውስጡም በቋሚነት የተቀጠሩ ዓይነ ስውራን አራሚዎች ይኑሩ፤ አንዴ የታረመው የብሬል ፋይል እዚያው ይቀመጥ። መጽሐፉ ሲሻሻል የተለወጡት ገጾች ብቻ ይታረማሉ፤ ወላይታ ሶዶ ላይ ከአራቱ ቅጽ አንዱ ቢጠፋ ወይም ነጥቡ ቢተኛ ትምህርት ቤቱ ያንን አንድ ቅጽ በአቅራቢያው ባለ ማሽን ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ባለ ጊዜ አትሞ ለተማሪው ይመልሳል።